ኬሞ እየወሰዱ ጉበትን መጠበቅ፦ ከከተማው ዳር ለምንኖር ዝርዝር መመሪያ

ካንሰር አንድ ቤት ሲገባ ምክር ይጎርፋል። አክስት ሞሪንጋ አስፈጭታ ትልካለች። የሥራ ባልደረባ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ያመጣል። ጎረቤት ደግሞ "ጉበቷን ያጥብላታል" ብሎ ስሙን የማይነግረንን ሥር ቀቅሎ፣ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በር ድረስ ያደርሳል። ሁሉም ከፍቅር ነው፣ እምቢ ማለት የሚከብደውም ለዚህ ነው። ግን ኬሞውንም፣ ሥሩንም፣ ማስታገሻውንም የሚያስተናግደው ያው አንድ ጉበት ነው።

እኔ አዲስ አበባ ዳር፣ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ እናቴን በኬሞ ጊዜ ያስታመምኩትም እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውልልኝ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ "ስፖርት መሥራት ትችላለች ወይ?" እና "ጉበትን የሚጠብቅ ተክል የትኛው ነው?" አጭሩ መልሴ ይኼ ነው። እንቅስቃሴው አዎ፣ በልኩ። ተክሉም አዎ፣ ግን እንደ ምግብ፣ በሳህን ሲቀርብ። በእንክብል የታሸገውና በማንኪያ የሚዋጠው ዱቄት ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱም በፊት ደግሞ አንድ የደም ምርመራ ይቀድማል። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ነገር ከነገራችሁ የእሱን ስሙ፣ የእናንተን ውጤት ያየው እሱ ነው።

ጉበት በኬሞ ጊዜ ምን ይገጥመዋል?

አብዛኞቹ የኬሞ መድኃኒቶች በጉበት በኩል ያልፋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ ጉበት ካልለወጠው ሥራውን አይጀምርም። ዶክሶሩቢሲን፣ ማለትም ያ ቀዩ መድኃኒት፣ እንዲሁም ፓክሊታክሰልና ቪንክሪስቲን በብዛት የሚወገዱት በጉበትና በሐሞት ነው። ስለዚህ ጉበት ከደከመ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ ጉዳቱም ይበረታል። ሐኪሙ ይህን ሲያይ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ቀጠሮውን ያራዝማል። ጉበትን መጠበቅ ማለት እንግዲህ ኬሞው በቀኑና በሙሉ መጠኑ እንዲሰጥ መርዳትም ነው።

አንዳንዶቹ መድኃኒቶች፣ በተለይ ዶክሶሩቢሲን፣ በሴሎች ውስጥ ኃይለኛ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ያበዛሉ፣ እነዚህ ደግሞ የጉበትን ሴል ይጎዳሉ። እነዚህን ቅንጣቶች የሚያከሽፍ ነገር "አንቲኦክሲደንት" ይባላል፣ ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ኬሞው ሳይጀመር ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ

ከጽሑፉ ሁሉ ይህ ክፍል እንዳያመልጣችሁ። እዚህ አገር ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ብርቅ አይደለም፣ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ100 ሰው ከ7 እስከ 9 የሚሆነው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ። ብዙው ሰው አያውቀውም፣ ምክንያቱም አያመውም። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፣ የሰውነት መከላከያም ይዞት ይቆያል። ኬሞው ያንን መከላከያ ሲያዳክመው ቫይረሱ ይነሳና ጉበትን በአጭር ጊዜ ክፉኛ ሊጎዳው፣ እስከ ሞትም ሊያደርስ ይችላል። ለሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢ ካንሰር) የሚሰጠው ሪቱክሲማብ ላይ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ሐኪሙን "ሄፓታይተስ ቢ ታይቶልናል ወይ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ምርመራዎቹ ኤችቢኤስ አንቲጅን እና አንቲ ኤችቢሲ ይባላሉ፣ የሚያስፈልጉትም ሁለቱም ናቸው፤ የመጀመሪያው ቫይረሱ አሁን መኖሩን ያሳያል፣ ሁለተኛው ድሮ ገብቶ እንደነበር። ቫይረሱ ከተገኘ ኬሞው ይቀራል ማለት አይደለም። ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር የሚባል ኪኒን ከኬሞው በፊት ወይም ጎን ለጎን ይጀመራል፣ ኬሞው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል። "ኬሞው አለቀ፣ ተገላገልን" ተብሎ በራስ ውሳኔ ሲቋረጥ ነው ችግር የሚመጣው። ሄፓታይተስ ሲም አብሮ ይታይ።

የካንሰር ታማሚን ጉበት ለማዳን ከየትኛውም ቅጠል በላይ የሚሠራው ይህ ምርመራ ነው።

ደረጃ 2፦ የላብራቶሪ ወረቀቱን ማንበብ ልመዱ

ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት የተሠራውን የጉበት ምርመራ ኮፒ ያዙ፣ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ከሳንዳፋ ወይም ከቡራዩ ተነስቶ ከተማ ድረስ የሚመላለስ ሰው አንዱን ምርመራ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ማሠራቱ አይቀርም፣ ወረቀቱም ይበታተናል። አንድ ፕላስቲክ ፋይል ግዙና በቀን ቅደም ተከተል አስገቡ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት።

ወረቀቱ ላይ ኤስጂፒቲ እና ኤስጂኦቲ የሚሉትን ፈልጉ፣ አንዳንድ ቦታ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ ተብለው ይጻፋሉ። የጉበት ሴል ሲጎዳ እነዚህ ይጨምራሉ። ቢሊሩቢን ደግሞ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነው፣ ለብዙ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰነውም በእሱ ነው። አልቡሚን ሲቀንስ የምግብ እጥረት ወይም የጉበት ድካም ሊኖር ይችላል። ኤስጂፒቲ ትንሽ ከፍ ስላለ አትደንግጡ፣ በኬሞ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠንከር ያለ የጡንቻ ስፖርት ራሱ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ምክንያቱም እነዚህ ነገሮች ጡንቻ ውስጥም አሉ። ስለዚህ ለምርመራ ደም ከመሰጠቱ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ከበድ ያለውን እንቅስቃሴ ተዉት፣ እርምጃ ብቻ ይብቃ። ከሠራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ደረጃ 3፦ ጉበትን የሚያደክመውን ከቤት አውጡ

ምን እንጨምር ከማለት በፊት ምን እንቀንስ ማለት ይቀላል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

መጠጥ ይቁም። ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም። "ጠላ ቀላል ነው፣ ደም ይሆናታል" የሚል ሰው አይጠፋም። ጠላም አልኮል ነው።

ፓራሲታሞል በልክ ከሆነ ችግር የለውም፣ ከልክ ሲያልፍ ግን ጉበትን ከሚገድሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ለከሳና ምግብ ላልበላ ሰው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ሳይታወቅ መጠኑን ያልፋል። በተለይ ደግሞ ሙቀት ሳይለኩ ትኩሳት ላይ ፓራሲታሞል መዋጥ አደገኛ ነው፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

ጫትም ይቁም። በሐረር አካባቢ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ በያዛቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከጫት ጋር ጠንካራ ግንኙነት አግኝቷል።

አሁን ወደ ባህል መድኃኒቱ እንምጣ፣ ትንሽ እንቆይበት። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ግራዋ፣ ኮሶ አብረውን ያደጉ ናቸው፣ አልንቃቸውም። ግን "ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም" የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብዙ ሰው በጉበት በሽታ አልቋል፣ የተጠረጠረውም ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ነው። መርዙ ከተክል ነው የመጣው። ኬሞ ላይ ሲደረብ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ አንዳንድ ቅጠል መድኃኒትን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያፈጥናል፣ አንዳንዱ ያዘገያል፣ በደም ውስጥ ያለው የኬሞ መጠንም በዚያው ልክ ይዛባል። ኤስጂፒቲው ድንገት ሲያሻቅብ ሐኪሙ ጥፋተኛው ኬሞው ይሁን ሥሩ መለየት ያቅተውና ኬሞውን ያቆመዋል።

ዓይን ቢጫ ከሆነ ሰፈር ውስጥ "የወፍ በሽታ ነው" ተብሎ ክንድ የሚተኩስ ወይም የሚጠጣ የሚሰጥ ሰው ይጠቆማል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፣ መተኮሱ ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ለጎረቤት እንዴት እምቢ ይባላል? እኔ "ሐኪሙ ምንም ሳያውቀው እንዳይወሰድ ብሎ አስጠንቅቆናል፣ እናስቀምጠውና ስትጨርስ እንጠይቃለን" እል ነበር። ሰው አይቀየምም። ጸበል ለሚጠጣ ሰውም መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ውሃው ንጹሕ ሆኖ፣ በባዶ ሆድ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ የሌለበት መሆኑን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል።

ደረጃ 4፦ ተክሉን በሳህን ብሉት

አንቲኦክሲደንት እንክብል ጉበትን ከኬሞ ጉዳት ይጠብቃል የሚለው ሐሳብ በአይጦች ላይ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፣ ብዙ ጊዜም ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ችግሩ ጉበትን የሚከልለው ነገር ዕጢውንም ሊከልል መቻሉ ነው። በአሜሪካ 1,134 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን የተከታተለና በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከኬሞ በፊትም በኬሞ ጊዜም እንደ ቫይታሚን ኤ፣ ሲ፣ ኢ እና ካሮቲኖይድ ያሉ እንክብሎችን የወሰዱት ላይ ካንሰሩ የመመለስ አዝማሚያ ከፍ ብሎ ታይቷል። ልዩነቱ በስታትስቲክስ እርግጠኛ ለመባል ጥቂት ነው የቀረው፣ ቫይታሚን ቢ12 ላይ ግን ይበልጥ ግልጽ ነበር። ሐኪም እጥረት አይቶ ያዘዘው ቢ12 ካለ አታቁሙት። በራስ ተነሳሽነት የሚገዛውን ግን ተዉት።

እርድም እንዲሁ ነው። አልጫ ወጥ ውስጥ የሚገባው ቁንጥር እርድ ምንም አይልም፣ ጥሩም ነው። ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ ነገር ጋር ተደባልቆ በእንክብል የሚሸጠው ግን ራሱ ጉበት ያቃጠለባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብልም፣ ውስጡ ያለው ኢጂሲጂ የሚባል ንጥረ ነገር በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የጉበት ኢንዛይምን (ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲን) ከፍ እንደሚያደርግ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 አስታውቋል። ሚልክ ትስል ከሚባል እሾሃማ ተክል ፍሬ የሚወጣው ሲሊማሪን የተሻለ ስም አለው። ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ባለባቸው 50 ልጆች ላይ ተሞክሮ ኤስጂኦቲን ዝቅ አድርጓል፣ ሆኖም ጥናቱ ትንሽ ነው። ሐኪም ካላዘዘው አትጀምሩት፣ ተክሉ ይመሳሰላል ብላችሁም ከአጥር ሥር ኮሸሽላ ቆርጣችሁ አትቀቅሉ።

ታዲያ ምን ይበላ? ቤታችን ያለው ይበቃል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። ግሬፕፍሩት ብቻ ይቅር፣ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ከአትክልቱ ጎን ፕሮቲን የግድ ነው፣ ጉበት ራሱን የሚጠግነው በእሱ ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፣ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት ከ60 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ትልቅ ኩባያ (ሩብ ሊትር ገደማ) ሙሉ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ይሰጣል። ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ ከተገኘ ይሞላል። አፍ ከቆሰለ በርበሬውን ተዉና በአልጫ አድርጉት።

ጾም ላይ ግልጽ ልሁን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ኬሞ ለሚወስድ ሰው አይሆንም። በሽተኛ ከጾም እንደሚፈታ ንስሐ አባቶች ያውቃሉ፣ በረመዳንም ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። እናቴን ለማሳመን ከእኔ ልመና ይልቅ የንስሐ አባቷ አንዲት ቃል ነች የሠራችው፣ ስለዚህ እነሱን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

ንጽሕናው እኩል ይከብዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳርና በገባሮቹ የሚበቅለው ቆስጣና ሰላጣ ቆሻሻ ውሃ እንደሚጠጣ ብዙ ጥናት አሳይቷል። ሰላጣ በጥሬው ይቅር። ጎመንና ቆስጣ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ይብሰል። መታጠቡም መብሰሉም ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ከባድ ብረት (እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ማዕድን) አያወጣም፣ ስለዚህ ሻጯን "ከየት ነው የመጣው?" ብሎ መጠየቅና ጓሮ ካለ መትከል ጥሩ ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብ ይቅር።

ሻጋታ ነገር ላይ ደግሞ ጨካኝ ሁኑ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ላይ ነው የሚሠራው፣ መቀቀልም አያጠፋውም። የተጨማደደ ወይም ጠቆር ያለ ለውዝ፣ እርጥበት ያገኘው በቆሎና በርበሬ ይጣል። ፋጉሎ የምትበላ ላም ወተት ላይም መርዙ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ፕሮቲኑን ሁሉ ወተት ላይ አትጣሉት።

ቡና? ይጠጣ። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ላይ የጉበት በሽታ አነስ ብሎ በተደጋጋሚ ታይቷል። ተቅማጥ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካለ ይቀነስ፣ ደም ማነስ ላለበት ደግሞ የብረት ንጥረ ነገርን እንዳይሻማ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ።

ደረጃ 5፦ እንቅስቃሴ

አይጦች ዶክሶሩቢሲን ተሰጥቷቸው ሲሮጡ ጉበታቸው ካልሮጡት ያነሰ ተጎድቷል። ሰው ላይ በደንብ የተረጋገጠው ደግሞ እንቅስቃሴ የኬሞን ድካም መቀነሱና የጉበትን ስብ፣ ክብደት ባይቀንስም እንኳ፣ ማቅለሉ ነው። ስቡ ለምን ያሳስባል? ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ይህም ስብ ያከማቻል፤ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ታሞክሲፈንም ጉበትን ያሰባል። የሰውነት የራሱ አንቲኦክሲደንት ኢንዛይሞችም በእንቅስቃሴ ይጠነክራሉ፣ ይህ ደግሞ ማንም በጠርሙስ የማይሸጠው ነገር ነው።

ግቡ በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ እርምጃና ሁለት ቀን ቀላል የጡንቻ ሥራ ነው። ከዚያ አይጀመርም። ከአልጋ ያልወጣ ሰው በአምስት ደቂቃ፣ በግቢ ውስጥ ይጀምር።

መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ፣ በተለይ ካንሰሩ አጥንት ከነካ፣ የልብ ችግር ካለ ወይም ዶክሶሩቢሲን እየተወሰደ ከሆነ። የዚያን ቀን ሙቀት 38 ከሆነ፣ ካስመለሰ፣ ተቅማጥ ካለ፣ ደረት ካመመ ወይም ካዞረ እንቅስቃሴ የለም። ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ከ50,000 በታች ከሆነ ክብደት ማንሳት ይቁም፣ ከ20,000 በታች ከሆነ ዕረፍት ብቻ። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት) ከ8 በታች ከሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትውጡ። ሰፈራችን ከፍታ ላይ መሆኑን አትርሱ፣ ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ደም ያነሰው ሰው እዚያ ዳገት ሲወጣ ቶሎ ያለከልካል። ሜዳውን ምረጡ።

ሰዓቱ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይመቻል። በጨለማ መውጣት እዚህ ዳር ላይ ከውሻና ከጅብ ጋር ያገናኛል። ሲኖትራክ የሚመላለስበትን አቧራማ መንገድ ትታችሁ የውስጥ ለውስጡን ያዙ። ባርኔጣ ይደረግ፣ አንዳንድ ኬሞ ቆዳን ለፀሐይ ያሳሳዋል። ፓክሊታክሰል፣ ኦክሳሊፕላቲን ወይም ቪንክሪስቲን የወሰደ ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ኮብልስቶን ላይ ይደናቀፋል፤ ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ሰው አብሮ ይሂድ።

ልኩን በሰላምታ እወቁ። ጎረቤት "እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?" ሲላት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?" ብላ ሳታቋርጥ መመለስ ከቻለች ፍጥነቱ ልክ ነው። መሐል ላይ ትንፋሽ ካጠራት ትቀንስ።

ለጡንቻው ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ከሁሉም ይሻላል። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ ታስደግፋላችሁ። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ክንድ ደረት ላይ ይጣመራል። ወደ ፊት ዘንበል ብላ ትነሳለች፣ ስትቀመጥ ግን ቀስ እያለች፣ እስከ ሦስት እየቆጠረች ትወርዳለች፣ ዘፍ ማለት የለም። ስምንት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ ስምንት ጊዜ። ክንዷን አጣምራ መነሳት ካልቻለች በእጇ ጭኗን ትደገፍ። ቀጥሎ ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ በሁለት እጅ ማንሳት። ቀላል ሲሆን ወደ 12፣ ወደ 15 ይደረሳል። መርፌ የተሰካበት ክንድ ይረፍ።

ኬሞው በየ21 ቀኑ ከሆነ ሳምንቶቹ አንድ አይነት አይሆኑም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግቢ ውስጥ ዞር ማለት ይበቃል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴል ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤትና የተጨናነቀ ታክሲ ይቅር፣ እርምጃው ሰው በሌለበት ይሁን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይጨመራል። ክረምት ጭቃው ካላስወጣ ቤት ውስጥ ባሉበት መራመድ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ለሚኖር አንድ ፎቅ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ ያው ነው።

ደረጃ 6፦ መቼ ነው የሚሮጠው?

ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ነጭ የደም ሴሉ ላነሰ ሰው ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

የጉበት ምልክቶቹ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ቀይ ሻይ መጥቆር፣ ሰገራ መንጣት፣ ማሳከክ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ሕመም፣ የሆድ መነፋት ናቸው። ዓይኑን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እዩት፣ በአምፖል ቢጫው አይለይም። ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅ፣ በዚያው ቀን ይደወል። መቀባጠር፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት ወይም ደም መፍሰስ ከተጨመረ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከከተማው ዳር ለምንኖር መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ከወዲሁ ይዘጋጅ። የላብራቶሪ ፋይሉ፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የተጠጣ የባህል መድኃኒት ካለም ሳይደበቅ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ ሆነው በር አጠገብ ይቀመጡ። የኬሞ ክፍሉን ስልክና ሌሊት የሚሠራ የሰፈር ባለ መኪና ቁጥር በቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ይመዝገብ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ም እንዲሁ። ስትደርሱ ተራ ከመያዛችሁ በፊት "ኬሞ ላይ ያለች ናት፣ የመጨረሻውን የወሰደችው በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳት አላት" ብላችሁ ለነርሷ ንገሩ።